የአልጋዋ ሴትዮ

ድምጿን በስልክ የሚያውቁ የሆቴል ሰዎች «የአልጋዋ ሴትዮ» ይሏታል። መምህራን «እትዬ» ይሏታል። ባሏ ደግሞ ጡረታ ወጥቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ነገር ፍለጋው ሁሉ እሷ ላይ ስለሆነ «ለዓለም ሁሉ አልጋ አሰናድታ የራሷን ሳታነጥፍ የምትወጣ» ይላታል። እውነቱን ነው። የተማሪ ጉዞ በሚያሰናዳ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጣ ልጆች የት እንደሚያድሩ ስትደለድል ኖራለች፤ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ግን የራሷ አንሶላ እንደተጨማደደ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አርባ አራት ተማሪ፣ ሃያ ሁለት ክፍል፣ ለሁለት ለሁለት አካፍሎ መገላገል። እንዲህ ብለው የነገሯት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ የድርጅቱ ባለቤት ነበሩ። ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች አርባ አራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር አሳድረው አያውቁም። ወንዶቹ በአንድ ፎቅ፣ ሴቶቹ በሌላ ፎቅ፤ ደረጃው አፍ ላይ መምህር ይተኛል። ሊፍት አጠገብ ያለ ክፍል እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ልጅ አይሰጥም። በረንዳ ያለው ክፍል ለደፋር አይሰጥም። መስኮቱ ወደ መንገድ የሚከፈት የምድር ቤት ክፍል ለማንም አይሰጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአልጋው ጉዳይ አለ። «ባለ ሁለት አልጋ ስልሽ ሁለት አልጋ ነው» ትላለች በስልክ፣ በቀን አምስት ጊዜ። «አንድ ሰፊ አልጋ ላይ ሁለት ትራስ ጣሉበት ማለቴ አይደለም። ተማሪዎች ናቸው እንጂ ሙሽሮች አይደሉም።» አንዳንዷ እንግዳ ተቀባይ ትስቃለች። እሷ ግን አትስቅም፤ ቀልዱን የጀመረችው እሷ ብትሆንም ከደጋገመችው ብዛት ጣዕሙ ጠፍቶባታል።

ደክሟታል። ይሄ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ መጻፍ ከለመደች ወዲህ አንገቷ ወደ ግራ አዘንብሎ ቀርቷል፤ ፎቶ ስትነሳ ሁልጊዜ ለሰው የምታዝን ትመስላለች። ቢሮው ከአንድ የጫማ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ደረጃው መሃል ላይ ቆም ትልና ቦርሳዋን ከፍታ ትበረብራለች። ያያት ሰው ቁልፍ ጠፍቶባት ይመስለዋል። የምትፈልገው ትንፋሽ ነው።

ከምትይዛቸው ሆቴሎች አንዱንም በዓይኗ አይታ አታውቅም። ግን የየትኛው ሆቴል ቧንቧ እንደሚያቃስት፣ የየትኛው ብርድ ልብስ እንደሚቀጥን፣ የትኛው ኮሪደር መብራቱ እንደሚጠፋ በቃሏ ታውቃለች፤ ሁሉንም ከጉዞ የተመለሱ መምህራንና እናቶች ነግረዋታል። ልጆች ለእናቶቻቸው ያወራሉ፣ እናቶች ለእሷ ያወራሉ።

ይሄ ከእናቶች ጋር ማውራት እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሥራ በገባች በሁለተኛው ዓመት አንድ ልጅ ሦስቱንም ሌሊት ሆቴሉ ኮሪደር ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ። ጨለማ ይፈራ ነበር። አብሮት የተኛው ልጅ ደግሞ መብራት ካልጠፋ አይተኛም። ልጁ ይሄን ከሚናገር ሞቱን ስለመረጠ «ወንበር ይመቸኛል» ብሎ ድርቅ አለ። መምህሩ ሲመለስ ነገሩን እንደ ቀልድ አጫወታት፤ አብራው ሳቀች፤ እስከ ደረጃው ድረስም ሸኘችው። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ግን የድልድሉን ወረቀት አውጥታ አየችው። የዚያን ልጅ ክፍል የመረጠችው እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ለእያንዳንዱ ተማሪ ቤት ትደውላለች። ማንም አላዘዛትም። ቅጽ ልካ ማስሞላት ትችል ነበር፤ ግን እናት ወረቀት ላይ እውነቱን አትጽፍም። ወረቀት ላይ ሁሉም ልጅ ጤነኛ ነው። በስልክ ግን «ሲተኛ እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች። እናቲቱ መጀመሪያ «ደህና ነው» ትላለች። ዝምታው ሲረዝም የሆዷን ታወጣለች። አንዱ በእንቅልፉ ይሄዳል። አንዱ ጥርሱን ያፋጫል። አንዷ የሕፃንነት ብርድ ልብሷን ቁራጭ ካልጨበጠች አትተኛም። የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ፣ ጢሙ ያቀመቀመ፣ በር ተዘግቶ መተኛት አይሆንለትም። ይሄን ሁሉ በእርሳስ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ በዚያው ልክ ትደለድላለች፣ ጉዞው ሲያልቅ በላጲስ ታጠፋዋለች።

አልጋቸው ላይ የሚሸኑም አሉ። ሰው ከሚያስበው በላይ ናቸው፤ ትልልቆችም ጭምር። ለእነሱ የራሷ ዘዴ አላት። የሆቴሉን አልጋ አንጣፊ ራሷን በስልክ ታስጠራና፣ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ እንድታነጥፍ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥም ትርፍ አንሶላ እንድታስቀምጥ ትነግራታለች። ላስቲኩ የሚነጠፈው ክፍሉ ውስጥ ባሉት በሁለቱም አልጋዎች ላይ ነው። አልጋ አንጣፊዋ ክፍሉን ታውቃለች፣ ልጁን ግን አታውቅም። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የአንድም ልጅ ገመና ከእሷ እጅ አልወጣም። በሕይወቷ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ አንዱ ነበር፤ ችግሩ፣ ሰው ፊት ሊኮሩበት አይቻልም።

ዘንድሮ የድርጅቱ ባለቤት አርጅተው ቤት ሲቀመጡ ቦታውን ልጃቸው ተረከበ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያከብራታል፤ ሻይም አብሮ ያዛል። ግን ነገሩ ሁሉ ሲስተም ነው። ሲስተሙ ይሄን አይቀበልም፣ ሲስተሙ ውስጥ እናስገባው፣ ሲስተም ሲኖር ሰው አይደክምም። እሷና የቢሮው ጸሐፊ እሱ በሌለበት «ሲስተም» ብለው ይጠሩታል።

«እትዬ፣ ደብተር ይጠፋል። ሲስተም አይጠፋም» አላት አንድ ቀን።

«ደብተሬ ሃያ ሦስት ዓመት አልጠፋም» አለችው።

«እርስዎ ቢታመሙስ? ማን ያነበዋል?»

እንዳትታመም ቃል ልትገባለት አትችልም፤ ጉልበቷ ቃሏን አይቀበላትም። ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጦ ድልድሉን ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደምትሠራ አሳያት፤ የክፍል ቁጥር በአንድ ዓምድ፣ የሁለቱ ተማሪዎች ስም በሁለተኛው፣ የእሷ ማስታወሻ በመጨረሻው። ማስታወሻው ሰው ዘንድ እንደማይደርስ ደጋግማ ስትጠይቀው ዓምዱ ላይ ጠቅ አድርጎ «ደብቅ» የሚለውን ተጫነ። ዓምዱ እልም አለ። ደስ እንዳላት አትክድም። ላጲስ እንኳ እንዲህ አያጠፋም።

የዘጠነኛ ክፍሎቹ ጉዞ ሊሄዱ አሥር ቀን ሲቀራቸው ነው ለአንዲት ልጅ እናት የደወለችው። እናቲቱ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። «ስትተኛ እንዴት ናት?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ «እትዬ፣ መልሼ ልደውልልዎ» ብላ ዘጋችው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ውስጥ ሆና ደወለች፤ ድምጿ በካርቶን መሃል የታፈነ ነበር።

«አሥራ አምስት ዓመቷ ነው» አለች። «ሐኪሙ እያደር ይተዋታል ይላል። እስካሁን ግን አልተዋትም። በየዓመቱ ጉዞ ሲመጣ አሞኛል እያለች ትቀራለች። ዘንድሮ ግን ራሷ መጥታ እሄዳለሁ አለችኝ። ምን ብዬ ልከልክላት?»

«አትከልክያት፣ እናቴ።»

«ከታወቀባት እዚያ ትምህርት ቤት ተመልሳ አትገባም። በአፏ ነግራኛለች። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ነች፤ ቀልድ አታውቅም።»

«አይታወቅባትም።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«አንቺ፣ እሷ፣ እኔ። ሌላ ሰው የለም።»

እናቲቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና አመሰገነቻት። የአልጋዋ ሴትዮ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቃል መግባቷ ታወቃት። ከዚህ በፊት ለማንም እናት በአፏ ቃል ገብታ አታውቅም ነበር፤ ዝም ብላ ትሠራዋለች እንጂ።

ቀጥሎ አብራት የምትተኛ ልጅ መምረጥ ነበረባት። የክፍላቸው መምህርት በስልክ ዝምተኛ ልጅ ይስጧት አለቻት፤ ልጅቷ ራሷ ጭምት፣ ጎበዝ፣ የደብተሯ ጠርዝ እንኳ የማይታጠፍ ናት። የአልጋዋ ሴትዮ ግን ዝምተኛ አልመረጠችም። የመረጠችው የክፍል ጓደኞቿ «ጡሩምባ» የሚሏትን ነው፤ ከአውቶቡሱ ኋላ ሆና ሾፌሩን የምታስደነግጥ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አፏ የማይገጥም።

«እትዬ፣ ጡሩምባን?» አለች መምህርቷ። «የዓለም ወሬ ሁሉ እሷ ጋ እኮ ነው።»

«እናቷን አናግሬያታለሁ። ታናሽ ወንድሟ ቤቱን ሲያፈርስ ቢውል አንድ ቀን አሳብቃበት አታውቅም አለችኝ። ወሬኛና አሳባቂ ይለያያሉ።»

መምህርቷ አላመነችም። እውነቱን ለመናገር የአልጋዋ ሴትዮም እርግጠኛ አልነበረችም። ክፍል ሁለት መቶ ሰባት ብላ ሁለቱን ጻፈቻቸው። ማስታወሻው ላይ «ላስቲክ፣ ሁለቱም አልጋ» አለች። ዓምዱን ደበቀችው። ሲስተምም ፋይሉን ለሆቴሉ በአንድ ጠቅታ ላከው።

የጉዞው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እንደ ልማዷ፣ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ሆቴሉ ጋ ደወለች። እንግዳ ተቀባይዋ አዲስ ናት፤ ድምጿ ትኩስ፣ ሥራውን ገና ያልሰለቸች።

«ሁሉም ዝግጁ ነው እትዬ። እንዲያውም ልጆቹ እኛ ጋ እንዳይንጋጉ ብለን ድልድሉን በትልቁ አትመን መግቢያው ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ሦስት መቶ አራት ላይ ጥርስ ያፋጫል የሚለው፣ እኛ ምን እንድናደርግ ነው?»

የአልጋዋ ሴትዮ ወዲያው አልገባትም። ወይም ገብቷት ሊሆን ይችላል፣ ግን ጆሮዋ ለልቧ ለመንገር ጊዜ ወሰደበት።

«የት ነው እንደዚህ የሚለው?»

«እዚሁ ነዋ፣ መጨረሻ ያለው ዓምድ ላይ። መብራት አይጥፋ፣ ጥርስ ያፋጫል፣ ሁለት መቶ ሰባት ላስቲክ፣ ሁለቱም አልጋ...»

በእሷ ኮምፒውተር ላይ የተደበቀው እዚያኛው ላይ አልተደበቀም። ለካ መደበቅ ማለት መጋረጃ መጋረድ ነበር እንጂ ማጥፋት አልነበረም፤ ፋይሉ ሆቴሉ ማሽን ላይ ሲከፈት መጋረጃው ቢሮው ቀርቷል።

«አንሺው» አለቻት። «ስልኩን አትዝጊው፤ ሂጂና አሁኑኑ አንሺው።»

«እትዬ፣ አውቶቡሱ እኮ እየገባ ነው። መንገዱ ባዶ ነበር መሰለኝ፣ ቀድመው ደረሱ...»

«ቅደጂው! ላስቲኩንም አስነሺ። ማንም ቢጠይቅሽ ስህተት ነው፣ የሌላ ቡድን ወረቀት ነው በይ። ገባሽ? ሁሉም ነገር ስህተት ነው።»

ልጅቷ «እሺ» ስትል ከኋላዋ የመስታወት በር ሲከፈትና አርባ አራት ልጅ አንድ ላይ ሲገባ የሚያሰማው ጫጫታ መጣ። መስመሩ ተቋረጠ።

መልሳ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። የመምህርቷ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ሲስተም ከክፍሉ ብቅ ብሎ ፊቷን አየና «ምነው እትዬ?» አላት። ነገረችው። ተቀምጦ ሰምቷት ሲጨርስ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ደብቅ የሚለውን ተጭነው ነበር?» አላት በቀስታ።

«ተጭኜ ነበር።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ደብተሯን አውጥታ በነገር ትወጋው ነበር፤ ለመቆጣት የሚበቃ አቅም ግን አልነበራትም። እሱም ምስኪን ነው፤ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ ከመናገር በቀር ያጠፋው የለም፤ ያንን ደግሞ ያላጠፋ አለቃ አይታ አታውቅም። ጥፋቱ የእሷ ነው። ቃል የገባችው እሷ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄ ደግሞ ከአፍ የወጣ እንኳ አይደለም፣ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ተስፈንጥራ አነሳችው። ባሏ ነው።

«መቀሱን የት ነው ያደረግሽው?»

«አንድ ጊዜ ዝጋው፣ ስልክ እየጠበቅሁ ነው።»

«የት እንዳለ ንገሪኝና እዘጋለሁ።»

«መሳቢያው ውስጥ ነው።»

«መሳቢያው ውስጥ አየሁ።»

«ከሥር፣ ከሥር ነው፣ አንተ ሰውዬ» አለችና ዘጋችበት። መቀሱ ከሥር ይሁን አይሁን አታውቅም ነበር።

ለፋርማሲዋ እናት ልትደውል ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ጀምራ ሦስት ጊዜ ተወችው። ምን ልትላት? ልጅሽ አሁን አርባ ሦስት ልጆች ፊት ቆማለች፣ እኔ ነኝ ያቆምኳት ልትላት ነው? በመስኮቱ ታች የአውቶቡስ ፌርማታው ይታያል፤ ሰዎች ተሰልፈው ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ ይጠብቃሉ። እሷም እዚያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ስልኩን እያየች ጠበቀች። ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ቤት ስትውል ታያት፣ እናቷ መጋዘን ውስጥ ስታለቅስ ታያት።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል መምህርቷ ደወለች።

«እትዬ፣ ወረቀቱን አይተውታል» አለች፤ ማስተዛዘኛ አላበዛችም። «እንግዳ ተቀባይዋ መጥታ ስትቀድደው ግማሹ ክፍል ፊት ለፊቱ ቆሞ እያነበበ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ጥርስ በሚያፋጨው ላይ ሳቁ። ከዚያ አንዱ ላስቲክ ለምንድነው አለ። ሌላው ገባውና ነገረው። ከዚያማ ሁሉም ዞሮ ጡሩምባ ላይ ሆነ።»

«ጡሩምባ ላይ?»

«ክፍሉ የሁለቱ ነው፤ ያቺኛዋን ማን ይጠረጥራል? የዋና ልብስ ልበሺ አሏት፣ ጀልባ ይምጣላት አሏት። እኔ ተቆጥቼ እስካስቆማቸው ድረስ ብዙ ተባለ።»

«ጡሩምባስ ምን አለች?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ማን ነው ያወራው ብዬ ሳልጨርስ እኔ አይደለሁም የምትል ልጅ እኮ ነች። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቆመች። አንዲት ቃል አልወጣትም።»

የአልጋዋ ሴትዮ ገባት። ሁለት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ «እኔ አይደለሁም» ማለት በሌላይቱ ላይ ጣት መቀሰር ነው። ያቺ ወሬኛ ልጅ ይሄን በዚያች ቅጽበት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሳቀባት፣ አስባዋለች። ነገሩ የእሷ ሳይሆን ስድቡን ተቀብላ ቆማለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝምተኛዋ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና፣ የኔ ነው አለች። አልጮኸችም፤ ግን ሁሉም ሰማ። እሷን ተዉአት፣ የኔ ነው ብላ ደገመችው። ሳቁ ቆመ። አንዱ ልጅ ብቻ ሊቀጥል ሞከረ፣ ማንም አላጀበውም። ሁለቱ ቁልፋቸውን ወሰዱና ወደ ክፍላቸው ወጡ። አለቀሰች አላለቀሰች አላውቅም፤ በሩን ዘግተዋል።»

መምህርቷ ሌላም ነገር አለች፤ ነገ ሁሉንም ሰብስባ እንደምትናገራቸው፣ እናትየዋን ማታ ራሷ እንደምታነጋግር። የአልጋዋ ሴትዮ እሺ እሺ አለች። ስልኩን ስትዘጋ ደስታ አልተሰማትም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ድልድሏ ልክ ነበር፣ ጡሩምባን መምረጧ ልክ ነበር። ግን ያቺ ልጅ ስንት ዓመት አሞኛል እያለች የሸሸገችውን ነገር፣ በሯን ዘግታ፣ ጊዜዋን ጠብቃ፣ ለወደደችው ሰው ልትነግረው ስትችል፣ ሆቴል መግቢያ ላይ ሻንጣ ይዛ እንድትናገረው ያደረገቻት እሷ ናት። አፈረች። በአምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር በምትሠራበት ቢሮ ውስጥ፣ እንባዋ መጣና በእጅጌዋ ጠረገችው። ሲስተም ይሄን አይቶ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋላት፤ ለዚህ ልብ እንዳለው አላወቀችም ነበር።

ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ስልኩ እንደገና ጠራ። የመምህርቷ ቁጥር ነው። ድምጹ ግን የመምህርቷ አይደለም።

«ሄሎ። የሁለት መቶ ሰባት ነኝ» አለች ልጅቷ።

የአልጋዋ ሴትዮ ቦርሳዋን አስቀመጠች። «የኔ ልጅ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ለእናትሽ ቃል ገብቼ...»

«እትዬ፣ ለጉብኝት ልንወጣ ነው፣ አውቶቡሱ እየጠበቀኝ ነው» አለች ልጅቷ። ቁጣ የለባትም፣ ይቅርታም የለባትም፤ ጉዳይ ያላት ሰው ድምጽ ነው። «ክፍል ስገባ ላስቲኩ የለም። አልጋ አንጣፊዋን ብጠይቃት፣ ስህተት ነው ተብለን አነሳነው አለችኝ። እርስዎ ነዎት አስነሱ ያሉት?»

«እኔ ነኝ።» የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ወሬውን ልታጠፋ ብላ ልጅቷን ያለ ላስቲክ ልታሳድራት ነበር። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ልጅቷ ማታ የት ላይ እንደምትተኛ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይሄ ብቻ ሆኖ ሳለ።

«ስህተት አይደለም ይበሉልኝ» አለች ልጅቷ። «ያስፈልገኛል።»

«አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

«ደሞ በሁለቱም አልጋ አይሁን። ጓደኛዬ ላስቲክ ላይ ያልባታል። አሁን እንደሆነ ሁሉም አውቋል።»

ከኋላዋ ስልክ የማያስፈልገው ድምጽ «ትርፍ አንሶላም ይጨምሩ በያት!» አለ። ልጅቷ ዞራ አንድ ነገር አለቻት፤ የሳቅ ይሁን የቁጣ በስልክ አይለይም። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

የአልጋዋ ሴትዮ ቆማ ሆቴሉ ጋ ደወለች። እንግዳ ተቀባይዋ ድምጿን ስትሰማ ደነገጠች።

«እትዬ፣ ቀድጄዋለሁ እኮ። ላስቲኩንም አስነስቻለሁ።»

«መልሺው።»

«ስህተት ነው ብለውኝ አልነበር?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ትፈልገዋለች፤ ራሷ ጠይቃለች።»

«እሺ። እንደ ድሮው በሁለቱም አልጋ ነው?»

የአልጋዋ ሴትዮ የትኛው አልጋ እንደሆነ ራሷም እንደማታውቅ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ጠይቃ አታውቅም፤ ዘዴው እንዳይታወቅ ነበርና።

«በአንዱ ብቻ» አለች። «የትኛው እንደሆነ እሷን ጠይቂያት። ትነግርሻለች።»